ከርነሉና ፕሮግራሙ የሚጋሩት 24 ባይት፦ ከደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፦ የምንለካው ነገር

ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ሞተሩ እየተቃጠለ አስቸግሯል። ባለቤቱ በተቃጠለ ቁጥር ያስጠቀልሉታል። ጥቂት ወራት ይሠራል፤ ከዚያ ደግሞ መሽተት ይጀምራል። እኔ የምጠረጥረው መብራቱን ነው። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲለኩስ ቮልቴጁ ይወርዳል። የኢንዳክሽን ሞተር ጉልበት ደግሞ የሚሄደው ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢወርድ ሞተሩ ሊያወጣ የሚችለው ጉልበት ወደ 81 በመቶ ይወርዳል። ድንጋዩ ሥር ያለው ጤፍ ግን ያው ጤፍ ነው። ሞተሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ጥቅልሉ ይግላል።

ስለዚህ ፍጥነቱን እንለካለን። በ50 ኸርዝ የሚሠራ ባለ 4 ፖል ሞተር ያለ ጭነት ወደ 1500 ዙር በደቂቃ ይጠጋል፤ ሙሉ ጭነት ላይ 1450 አካባቢ ይሆናል። ፑሊው ላይ አንዲት ማግኔት እንለጥፋለን፣ ፊት ለፊቷ ማግኔት ባለፈ ቁጥር ምልክት የሚሰጥ ሆል ሴንሰር እናስራለን። በአንድ ዙር አንድ ምልክት ማለት ነው። በ1450 ዙር በሁለት ምልክቶች መካከል 41.4 ሚሊሰከንድ አለ። ፍጥነቱ በ3 በመቶ ቢወርድ 42.7 ይሆናል። የምንፈልገው ምስጢር ያለው በዚህች 1.3 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው።

ይህችን ልዩነት ተራ ፕሮግራም ለካኋት ቢለኝ አላምነውም። ማሽኑ ሌላ ሥራ ሲይዝ ፕሮግራሙ ወረፋ ይጠብቃል፤ ጥበቃው ብቻውን ሚሊሰከንዶች ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ መመዝገብ ያለበት ኢንተራፕቱ፣ ማለትም ምልክቱ ማሽኑን ከሥራው የሚያቋርጥበት ጥሪ፣ በደረሰበት ቅጽበት፣ እዚያው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ነው። ከርነሉ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙ መዝገቡን ይወስዳል። ይህ ማስታወሻ በአብዛኛው የሚያወራው ስለዚያ መዝገብ ነው፦ ስንት ባይት ነው፣ የትኛው ነገር ስንተኛው ባይት ላይ ይቀመጣል።

ኮምፒውተሩ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ደረሰኝ የሚያትም አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ጀርባው ላይ ባለ 25 ቀዳዳው የድሮ የፕሪንተር ፖርት አለ። ፒን 10 ላይ የሚደርስ ምልክት ኢንተራፕት ማስነሳት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቁጥር 7 ነው። ሊኑክስ ውስጥ ይህንኑ ፖርት ለትክክለኛ የሰዓት ምልክት የሚጠቀም ድራይቨር ከጥንት ጀምሮ ስላለ መንገዱ የተረገጠ ነው።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። መዝገቡን የሚወስደው ይኸው የደረሰኝ ፕሮግራም 32 ቢት ነው። አታሚውን የሚያናግረው ላይብረሪ ሶርስ ኮዱ የለም፤ ስለዚህ ወደ 64 ቢት ልናዞረው አንችልም። ከርነሉ ግን 64 ቢት ነው። ይህ ድብልቅ ብርቅ አይደለም። ዲቢያን በ2025 ባወጣው 13ኛ ቅጂ ለባለ 32 ቢቱ ኢንቴል የራሱን ከርነልና መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል። የድሮ ፕሮግራም ያለው ሰው 32 ቢቱን ፕሮግራም በ64 ቢት ከርነል ላይ ማስኬድ ግድ ይሆንበታል። እኛም እዚያው ውስጥ ነን።

ማክሰኞ፦ እጅ እንደመራ ቢጻፍ

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከመንደፋችን በፊት ችግሩን በዓይኑ እንዲያየው ፈለግሁ። ስለዚህ ለሙከራ ብቻ፣ ማንም ሰው ሳያስብ እንደሚጽፈው አድርገን ጻፍነው። በቅደም ተከተል፦ ምንጭ፣ 32 ቢት። ሰዓት፣ 64 ቢት፣ በናኖሰከንድ። ተራ ቁጥር፣ 32 ቢት። ሁኔታ፣ 16 ቢት። ሲደመር 18 ባይት ነው። የመዝገቡን ቅርጽ የያዘውን ያንኑ ሄደር ፋይል አንዴ ለ64 ቢት፣ አንዴ ለ32 ቢት ኮምፓይል አደረግነውና (ወደ ማሽን ቋንቋ ተረጎምነውና) ሁለቱንም በፓሆል አየናቸው። ፓሆል ስትራክት (በአንድ ላይ የተደረደረ የመረጃ ስብስብ) ውስጥ የተደበቀውን ክፍተት ባይት በባይት የሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢጭነው ደስ ይለኛል።

በ64 ቢት፣ ጠቅላላ 24 ባይት፦
0–3 ምንጭ
4–7 ክፍተት
8–15 ሰዓት
16–19 ተራ ቁጥር
20–21 ሁኔታ
22–23 ክፍተት

በ32 ቢት፣ ጠቅላላ 20 ባይት፦
0–3 ምንጭ
4–11 ሰዓት
12–15 ተራ ቁጥር
16–17 ሁኔታ
18–19 ክፍተት

ፊደሉ አንድ፣ ፋይሉ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። ሁለቱም ኮምፓይለሮች ደግሞ አልተሳሳቱም። በ64 ቢቱ ስምምነት 8 ባይት የሆነ ቁጥር የሚቀመጠው ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ ነው። በባለ 32 ቢቱ ኢንቴል የድሮ ስምምነት ግን ስትራክት ውስጥ ያለ 8 ባይት ቁጥር ለ4 የሚካፈል አድራሻ ይበቃዋል። ያ ስምምነት ዛሬ ይለወጥ ቢባል በዓለም ላይ ያለ የ32 ቢት ፕሮግራም ሁሉ እርስ በርሱ አይግባባም። ስለዚህ እንዳለ ይኖራል።

ሻጭ በአንድ ቁና፣ ገዢ በሌላ ቁና ሲሰፍሩ እንደማለት ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም።

ከዚያ ሞጁሉን፣ ማለትም ከርነሉ ውስጥ የሚገባውን የእኛን ኮድ፣ ጫንኩና በውስጡ ባለ ታይመር የውሸት ምልክት በየ41 ሚሊሰከንዱ እንዲያመነጭ አደረግሁ። የ32 ቢቱ ፕሮግራም ሰፊ ባፈር (የመቀበያ ሜሞሪ) ይዞ ያነባል። ምልክቱ አልፎ አልፎ ስለሚመጣ በአንድ ንባብ የሚደርሰው አንድ መዝገብ፣ 24 ባይት ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 20 የራሱ መዝገብ አድርጎ ይወስዳል። ምንም ስህተት አልታየም። ንባቡ ተሳካ ይላል። ቁጥሮቹ ግን እብድ ናቸው።

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየን፤ ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ነበር የፈለግሁት። ሰዓቱ አንዴ 20 ዓመት ይላል፣ አንዴ 400 ዓመት። ተራ ቁጥሩ ደግሞ 838 ላይ ይቆማል። ምልክት ይመጣል፣ 838። ደግሞ ይመጣል፣ 838። ከ100 ምልክት በኋላ ድንገት 839 ይሆናል። ልጁ ሰዓት ይዞ ለካው፤ በየ4.3 ሰከንዱ ገደማ አንድ ይጨምራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ተራ ቁጥር አይደለም፣ ሰዓት ነው!» አለኝ።

ልክ ነው። 2 ወደ 32ኛ ኃይል ሲነሳ፣ ማለትም 32 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ፣ 4,294,967,296 ነው። ያን ያህል ናኖሰከንድ 4.29 ሰከንድ ነው። የሰዓቱ የላይኛው ግማሽ በየ4.29 ሰከንዱ አንድ ይጨምራል። 32 ቢቱ ፕሮግራም ተራ ቁጥር ብሎ የሚያነበው 12–15ን ነው፤ ከርነሉ ደግሞ እዚያ ላይ የጻፈው የሰዓቱን የላይኛውን ግማሽ ነው። ማሽኑ ከተነሳ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖት ስለነበር 838 ሆነ። እውነተኛው ተራ ቁጥርስ የት ሄደ? «ሁኔታ» የሚለው ውስጥ ተቀምጦ በየምልክቱ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። ማንም ስላልፈለገው አላየውም።

ይህን ምልክት ያወቀ ሰው ብዙ ሌሊት ይተርፈዋል። በ4.29 ሰከንድ አንዴ የሚጨምር ቁጥር ካየህ የናኖሰከንድ ሰዓት በግማሽ ተቆርጦ የማይገባበት ገብቷል ማለት ነው።

ረቡዕ፦ ትልቆቹም ወድቀውበታል

ልጁ «ይሄ የሚያጋጥመው እንደኛ ላለ ትንሽ ፕሮጀክት ነው» እንዳይል የከርነሉን የራሱን ታሪክ አሳየሁት። የሊኑክስ ጂፒአይኦ አለ፤ የምልክት ፒኖችን ከፕሮግራም ጋር የሚያገናኘው ክፍል። በ2016 ከከርነል ቅጂ 4.8 ጋር የመጣው የመጀመሪያው በይነገጽ ለእያንዳንዱ ምልክት የሚሰጠው መዝገብ ሁለት ነገር ብቻ ነበረው፦ 64 ቢት ሰዓት፣ ቀጥሎ 32 ቢት መለያ። ሰዓቱ ከፊት ስለሆነ ችግር ያለበት አይመስልም። ግን በ64 ቢት መጨረሻው ላይ 4 ባይት ክፍተት ተጨምሮ 16 ይሆናል፤ በ32 ቢት ኢንቴል 12 ላይ ያበቃል። 32 ቢት ፕሮግራም 12 ባይት ስጠኝ ሲል ከርነሉ 16 ባይት የሚይዝ ቦታ ይጠብቅ ስለነበር ንባቡን አይቀበልም ነበር።

ያ መዝገብ ዓለም ሁሉ እየተጠቀመበት ስለሆነ ሊነካ አይችልም። ስለዚህ በ2020 መጨረሻ፣ በ5.10፣ ሁለተኛ በይነገጽ መጣ። የአዲሱን የምልክት መዝገብ ተመልከቱት። ሰዓቱ ከፊት ሆኖ በየትኛውም ማሽን ለ8 በሚካፈል አድራሻ ላይ እንዲቀመጥ የተገደደ ዓይነት ነው፤ ስሙ አላይንድ ዩ64 ይባላል። ቀጥሎ አራት ባለ 32 ቢት ፊልዶች (የመዝገቡ ክፍሎች)። ከዚያ ለወደፊት የተተወ ስድስት ባለ 32 ቢት ባዶ ቦታ። ሲደመር 48 ባይት፤ ለ8 ይካፈላል። አንድም ባይት ለኮምፓይለሩ ፈቃድ አልተተወም።

እኔ በዚህ ሥራ የማምነው ነገር ይሄው ነው። በከርነሉና በፕሮግራሙ መካከል የሚያልፍ ስትራክት የኮምፓይለሩ አይደለም። የመጨረሻዋ ባይት ሳትቀር ሰው ወስኗት፣ ስም ሰጥቷት መጻፍ አለባት።

ሐሙስ፦ «ፓክድ አንለውም?»

ልጁ ዛሬ ጥሩ ጥያቄ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ለምን ፓክድ ብለን አንገላገልም?» ፓክድ ሲባል ኮምፓይለሩ ክፍተት ሳይተው ሁሉንም ያጠጋጋል። በሁለቱም ወገን 18 ባይት ይሆናል፤ ይገጥማል።

ከርነሉም አንድ ቦታ አድርጎታል። ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ የሚጠባበቀው ጥሪ፣ የኤፖል፣ መዝገብ በ64 ቢት ኢንቴል ላይ ፓክድ ነው። 32 ቢት ምልክትና 64 ቢት ዳታ ይዞ በሁለቱም 12 ባይት እንዲሆን ተደርጓል። በሌሎች የ64 ቢት ማሽኖች ግን ያው መዝገብ 16 ባይት ነው። አንድን ችግር ፈትቶ ሌላ ልዩነት ፈጠረ ማለት ነው።

ለእኛ ግን አልፈለግሁትም። ፓክድ የተባለ ስትራክት ውስጥ ሰዓቱ ባይት 4 ላይ ይጀምራል፤ ለ8 አይካፈልም። ኢንቴል ችሎ ያነበዋል። ሌላ ማሽን ላይ ኮምፓይለሩ ባይት በባይት እየለቀመ ለመገጣጠም ሊገደድ ይችላል። የዚያን ፊልድ አድራሻ ወስደህ ለሌላ ፈንክሽን ብትሰጥ ደግሞ ተቀባዩ የተስተካከለ አድራሻ የመጣለት ይመስለዋል። በአንዳንድ የአርም ፕሮሰሰር ትዕዛዞች ላይ ይህ በቀጥታ ፎልት (ሥራውን የሚያቋርጥ ስህተት) ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከ9ኛው ቅጂ ጀምሮ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌላም ወጥመድ ነገርኩት። እቤት ያለው ራስበሪ ፓይ ላይ ያንኑ የማክሰኞ ስትራክት በ32 ቢት ብንሞክረው ይገጥማል! የአርም 32 ቢት ስምምነት እንደ 64 ቢቱ 8 ባይት ቁጥርን ለ8 በሚካፈል ቦታ ያስቀምጣል። ፓይ ላይ ፈትኖ አለፈ ያለ ሰው ኢንቴል ላይ ይወድቃል። ሎንግ የተባለው የቁጥር ዓይነት ወይም ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ቢኖርበት ግን ሁለቱም ላይ ይወድቃል፤ በ32 ቢት 4 ባይት፣ በ64 ቢት ሊኑክስ 8 ባይት ናቸውና። ስለዚህ በጋራ ስትራክት ውስጥ ሎንግ የለም። አድራሻ ማስተላለፍ ግድ ከሆነ 64 ቢት ቁጥር ተደርጎ ይላካል፤ ከርነሉ ይመልሰዋል።

ሐሙስ ማታ፦ አዲሱ መዝገብ

0–7 ሰዓት
8–11 ተራ ቁጥር
12–15 ምንጭ
16–19 ሁኔታ
20–23 ለወደፊት፣ ዜሮ

24 ባይት። ትልቁ ከፊት፣ ሁኔታ ከ16 ወደ 32 ቢት አደገ፣ የተረፈችው ጅራት ስም አገኘች። ሰዓቱ ወደፊት ብቻ የሚሄድ የማሽኑ የራሱ ሰዓት ነው፤ ማንም ቀኑን ቢያስተካክል አይዘልም። ሰከንድና ናኖሰከንድ ተከፍሎ የሚመጣውን የተለመደውን ስትራክት አልተጠቀምንም። እሱም በድሮ 32 ቢት ፕሮግራም 8 ባይት፣ በ64 ቢት 16 ባይት ነው፤ በ2038 የ32 ቢቱ ሰከንድ ቆጣሪ የሚሞላበት ጣጣም አለበት። አንድ ነጠላ 64 ቢት የናኖሰከንድ ቁጥር ከ580 ዓመት በላይ ይበቃል።

ልጁ «ቅደም ተከተሉን ካስተካከልን አላይንድ የሚለው ዓይነት ምን ያደርጋል? አሁን በሁለቱም 24 ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ለብቻው ሲቆም 24 ነው። ግን ነገ ሌላ ስትራክት ውስጥ ይገባል። መዝገቦችን በጅምላ ስንልክ ከፊት 32 ቢት «ብዛት» አስቀምጠን ቀጥሎ መዝገቡን አደረግንና በፓሆል አየነው። በ32 ቢት መዝገቡ ባይት 4 ላይ ጀመረ። በ64 ቢት ባይት 8 ላይ። ውስጡ ልክ ሆኖ የሚቀመጥበት ቦታ ተለያየ። ምክንያቱም 32 ቢቱ ኮምፓይለር ስትራክቱን በሙሉ ለ4 የሚካፈል አድራሻ ይበቃዋል ብሎ ያስባል። ዓይነቱን ወደ አላይንድ ስንቀይር በሁለቱም 8 ላይ ጀመረ። ከ4 እስከ 7 ያለውን ክፍተትም «ለወደፊት» የሚል ስም ሰጠነው።

ልጁ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየና ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔም በጣም ደስ አለኝ። ይህችን ነጥብ ብዙ ጎበዝ ፕሮግራመር ይስታታል።

ዓርብ፦ የሚጮህ ስህተትና የማይጮህ ስህተት

ዛሬ የማስተካከያ ትዕዛዞቹን ሠራን፤ ፕሮግራም ለድራይቨር ትዕዛዝ በሚልክበት ጥሪ፣ በአዮክትል የሚሄዱትን። የአዮክትል ቁጥር 32 ቢት ነው። 2 ቢት አቅጣጫ፣ 14 ቢት የስትራክቱ መጠን፣ 8 ቢት የድራይቨሩ መለያ፣ 8 ቢት የትዕዛዙ ተራ። መጠኑ ቁጥሩ ውስጥ ስላለ ሁለቱ ወገኖች በመጠን ካልተስማሙ ቁጥሩም አይገጥምም። ለሙከራ 32 ቢት «ምልክት በዙር» ቀጥሎ 64 ቢት «ትንሹ ርቀት» ያለው ስትራክት ላክን። በአንዱ 12፣ በሌላው 16። ከርነሉ ስህተት ቁጥር 25 መለሰ፤ ይህ ትዕዛዝ ለዚህ መሣሪያ አይሆንም ማለት ነው። ማክሰኞ ያየነው ንባብ ግን ምንም ሳይል ቆሻሻ ቁጥር ሰጥቶን ነበር። የሚጮህ ስህተት ይሻላል። ለዚህም ነው ንባቡ ላይም ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፍት የመዝገቡን መጠን በአዮክትል ጠይቆ ካልገጠመ እንዲቆም ያደረግነው።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያደክማልና ልጻፈው። ስትራክቱ በሁለቱም ወገን ፍጹም አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የ32 ቢት ፕሮግራም አዮክትል ስህተት 25 ሊያመጣ ይችላል። 64 ቢት ከርነል የ32 ቢት ጥሪን በሌላ በር ነው የሚያስገባው። ድራይቨሩ ለዚያ በር ፈንክሽን ካላስመዘገበ ጥሪው ይመለሳል። አቀማመጡ አንድ ከሆነ አዲስ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ከ5.5 ጀምሮ ኮምፓት ፒቲአር አዮክትል የሚባል የተዘጋጀ ፈንክሽን አለ። እሱን ማስመዝገብ አንድ መስመር ነው። አቀማመጡ የተለያየ ቢሆን ኖሮ ግን እያንዳንዱን ፊልድ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለብጥ ኮድ ይጻፋል፤ ለዘላለምም ይጠበቃል።

ክፍተት ሌላም ጦስ አለው። ከርነሉ መዝገቡን ስታክ በሚባለው ጊዜያዊ ሜሞሪው ላይ አዘጋጅቶ ወደ ፕሮግራሙ ሲገለብጥ ክፍተቱም አብሮ ይገለበጣል። እዚያ ክፍተት ውስጥ ቀድሞ የነበረ የከርነል ዳታ ሊኖር ይችላል። ፊልዶቹን አንድ በአንድ መሙላት ክፍተቱን አያጸዳም። በሊኑክስ ታሪክ በዚህ መንገድ የከርነል ሜሞሪ ያፈሰሱ ድራይቨሮች ጥቂት አይደሉም። የእኛ መዝገብ ክፍተት የለውም፤ ቢሆንም ከመሙላታችን በፊት ሙሉውን በዜሮ እናጸዳለን። ከፕሮግራሙ የሚመጣውንም እናያለን። «ለወደፊት» የተባለው ቦታ ዜሮ ካልሆነ ድራይቨሩ አይቀበልም። ዛሬ ዝም ብለን ከተቀበልን ነገ ያንን ቦታ ለቁም ነገር ልንጠቀምበት አንችልም፤ የድሮ ፕሮግራሞች ቆሻሻ ይልኩበታልና።

ሜሞሪውን በኤምማፕ በቀጥታ ስለመጋራትም አውርተናል። ትተነዋል። በሰከንድ 24 መዝገብ በተራ ንባብ ይበቃል። በሰከንድ መቶ ሺዎች ቢሆን ኖሮ አስብበት ነበር። ያኔ ጸሐፊው የሚያንቀሳቅሰውን ቁጥርና አንባቢው የሚያንቀሳቅሰውን በተለያዩ 64 ባይት የካሽ መስመሮች ላይ አራርቄ አስቀምጣለሁ። ሁለቱንም 32 ቢት አደርጋቸዋለሁ። 32 ቢት ፕሮግራም 64 ቢት ቁጥርን ብዙ ጊዜ በሁለት ግማሽ ነው የሚያነበው፤ በመካከል ከርነሉ ከቀየረው የአሮጌና የአዲስ ድብልቅ ያገኛል።

ዓርብ ማታ፦ መቆለፊያው

ሄደር ፋይሉ ውስጥ መጠኑ 24 ካልሆነ፣ ሰዓት 0 ላይ፣ ተራ ቁጥር 8 ላይ፣ ምንጭ 12 ላይ፣ ሁኔታ 16 ላይ ካልሆኑ ኮምፓይል የሚያስቆም ማረጋገጫ ጻፍን። ሄደሩ አንድ ነው፤ ሞጁሉም ፕሮግራሙም ያንኑ ያነባሉ። ስለዚህ ሁለቱም ሲገነቡ ሁለቱም ይፈተናሉ። ልጁ ሆን ብሎ «ምንጭ»ን ወደ ፊት አመጣውና ገነባ። ሁለቱም ወገን እምቢ አሉ። መለሰውና አለፈ።

ሌላ ፈተናም ጨመርን። ሞጁሉ በፈተና ጊዜ 24ቱን ባይቶች ከ1 እስከ 24 ቆጥሮ ይሞላቸዋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ፊልድ የትኞቹን ቁጥሮች እንደያዘ ያትማል። 32ቱም 64ቱም አንድ ዓይነት አተሙ።

ቅዳሜ፦ ወፍጮ ቤቱ

ወፍጮው ሳይነሳ በጠዋት ገባን። ከጎዛምን ገጠር ጤፍና በቆሎ በአህያ ጭነው የመጡ ሰዎች ደጁ ላይ ተራ ይዘዋል። ባለቤቱ «ቶሎ ጨርሱልኝ ልጆቼ፣ ሰው ቆሞ ነው ያለው» አሉን። ቺንጋውን ሳናወልቅ ፑሊውን በጨርቅ አጽድተን ማግኔቷን በሙጫ ለጠፍን። ሴንሰሩን የዱቄት ብናኝ እንዳይገባው በፕላስቲክ ሸፍነን ከሞተሩ እግር ጋር አሰርነው። ገመዱን ፒን 10 ላይ፣ ግራውንዱን ፒን 25 ላይ በካውያ በየድኩት። ባዮሱ ውስጥ የፖርቱ ኢንተራፕት መከፈቱን አረጋገጥን።

ሞተሩ ተነሳ። ደረሰኝ የሚያትመው 32 ቢቱ ፕሮግራም ጎን ላይ በከፈትነው መስኮት ተራ ቁጥሩ አንድ በአንድ ይሄዳል፤ አንድም አልዘለለም። በሁለት ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ባዶውን 40 ሚሊሰከንድ ላይ ቆመ። ጤፍ ሲፈስበት 41 ገባ። ፈጪው ድንጋዩን ሲያጠብቀው ትንሽ ጨመረ፤ ሲያላላው ወረደ። እጁ ያደረገው ነገር ሁሉ ቁጥሩ ላይ ይታያል። ባለቤቱ መጥተው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና «ማታ ስትደክም ይሄው ይነግረኛል?» አሉ። ይነግራል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ከዜሮ ስለሚጀምር ለእያንዳንዱ መነሻ አዲስ ፋይል እንዲከፍት አድርገናል።

ሰኞ፦ የመጀመሪያው ንባብ

የቅዳሜና የእሁድ ፋይሎች ደረሱን። እሁድ ወፍጮው ዝግ ነበር። ቅዳሜ ከ12 ሰዓት በኋላ ርቀቱ 43 አልፎ 44 ነክቷል፤ ጭነቱ ግን የቀኑ ያው ጤፍ ነው። በግርድፉ 1365 ዙር ማለት ነው። ሞተሩ እዚያ ላይ ብዙ መቆየት የለበትም። ለባለቤቱ የነገርኳቸው ነገር፦ ስክሪኑ ላይ 43 ሲያዩ አዲስ ኬሻ አያስገቡ፤ ድንጋዩንም ያላሉት።

ፍጥነቱ ብቻውን ምክንያቱን አይናገርም፤ ከረንቱንም ማየት እንፈልጋለን። በአንዱ ፌዝ ላይ የሚታሰር የከረንት ትራንስፎርመር ተገኝቷል። እሱ የሚሰጠውን ቁጥር በሚሊአምፔር ከ20 እስከ 23 ባለው «ለወደፊት» ቦታ ላይ እናስገባዋለን። ሁኔታ ውስጥ አንድ ቢት «ከረንት አለ» የሚል ይሆናል። መጠኑ 24 እንደሆነ ይቀጥላል፤ አሁን እዚያ የሚሠራው ፕሮግራምም ሳይነካ ማንበቡን ይቀጥላል። ማረጋገጫዎቹ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፦ ከረንት 20 ላይ። ልጁ ዛሬ ማታ ይጽፈዋል።